አዲስ ካቴና በአሮጌ ጥርስ ላይ

(የአሮጌ ብስክሌት ካቴናና ጥርስ እንዴት ይመረመራል? እንዴትስ ይለወጣል?)

መግቢያ

በማስተማር ልምምዳችን ወቅት አራት እጩ መምህራን በአንድ አሮጌ ፎኒክስ ብስክሌት እየተፈራረቅን በቦዲቲ ዙሪያ ወደተመደብንባቸው ትምህርት ቤቶች እንመላለስ ነበር። እንደሚታወቀው ቦዲቲ ከሻሸመኔ በሀላባ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ዋናው መንገድ አስፋልት ቢሆንም ወደ ቀበሌዎች የሚገቡት መንገዶች ቀይ አፈር ናቸው፤ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ። ዳገቱም የዋዛ አይደለም። ያም ሆኖ በእግር አንድ ሰዓት የሚፈጀውን መንገድ ብስክሌቱ በሃያ ደቂቃ ያደርሰን ስለነበር ከባጃጅም ከሞተር ሳይክልም አስበልጠን እናየው ነበር። ነዳጅ አይጠይቅ፣ ወረፋ አይጠይቅ!

አንድ ቀን የብስክሌቱ ሰንሰለት፣ ማለትም በተለምዶ ካቴና የምንለው፣ ተበጠሰ። ገንዘብ አዋጥተን አዲስ ካቴና ገዛንና እሑድ ከሰዓት በኋላ ራሳችን ገጠምነው። «ይኸው፣ አዲስ ሆነ!» ተባባልን። ሰኞ ጠዋት ከመካከላችን አንዱ ዳገቱን ለመውጣት ከኮርቻው ተነሥቶ በሙሉ ክብደቱ ፔዳሉን ሲረግጥ ካቴናው የኋላው ጥርስ ላይ ጧ ብሎ ዘለለ። እግሩ በባዶ ወረደ፤ ደረቱ ከመሪው ጋር ተላተመና አስፋልቱ ላይ ወደቀ። ከኋላው ይመጣ የነበረው አይሱዙ በጊዜው ፍሬን ባይዝ ኖሮ ስለ ካቴና ለመጻፍም ልብ ባልኖረን ነበር። ጓደኛችን ጉልበቱ ተልጦ ተረፈ። የ4ኛ ክፍል ተማሪዎቹ ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍለ ጊዜያት ያለ አስተማሪ አሳለፉ።

ብስክሌቱን እየገፋን ከተማ ውስጥ ወዳሉ አንድ አዛውንት ሳይክል ጠጋኝ ወሰድነው። ሰላምታ ከሰጠን በኋላ ነገሩን ገና ሳናስረዳቸው የኋላውን ጥርስ በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉና፣ «አዲሲቱን ካቴና ከዚህ አሮጌ ጥርስ ጋር ማን አጋባት?» አሉን።

«ጋሼ፣ የተበጠሰው እኮ ካቴናው ብቻ ነው» አልናቸው።

«የተበጠሰውማ እሱ ነው፤ ያለቁት ግን አብረው ነው። ለክታችኋል?»

አልለካንም። የካቴና ማለቅ በማስመሪያ ይለካል ብሎ ማን አሰበ! እሳቸው ግን ከደብተራችን መካከል ማስመሪያችንን መዘው፣ የተበጠሰውን ካቴና ወጥረው ለኩት። ያን ቀን ያየነውንና ከዚያ በኋላ በእጃችን ሠርተን ያረጋገጥነውን እንደሚከተለው አቅርበናል።

1. ካቴና ለምን «ይረዝማል»?

ዛሬ በብስክሌት ላይ የምናየውን ዓይነት ካቴና በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ ይሠራ የነበረው የስዊዘርላንድ ተወላጅ ሐንስ ሬኖልድ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1880 አወጣው። በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ «ሮቨር» የተባለውን ብስክሌት ሲሠራ፣ ፔዳሉ መሀል ላይ ሆኖ ኃይሉ በካቴና ወደ ኋላ ጎማ እንዲተላለፍ አደረገ። የእኛም አሮጌ ብስክሌት በመሠረቱ የዚያው ዘር ነው። ገረመው ደንቦባ በ1949 ዓ.ም. (በኤውሮፓ 1956) በሜልቦርን ኦሎምፒክ በጎዳና ውድድር ሲወዳደርም ኃይሉን ከእግሩ ወደ ጎማው ያደረሰለት ይኸው ካቴና ነው።

ካቴና ከብዙ ትንንሽ መገጣጠሚያዎች የተሠራ ነው። በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ መሀል አንድ ፒን አለ። ፒኑ በአነስተኛ ቱቦ ውስጥ ይገባል፤ ቱቦው ደግሞ በሚሽከረከር ቀለበት ይከበባል። ጥርሱ ላይ የሚያርፈው ቀለበቱ ነው። ከአንዱ ፒን መሀል እስከ ቀጣዩ ፒን መሀል ያለው ርቀት ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። የጥርሶቹም አቀማመጥ በዚሁ ልክ የተቀረጸ ነው።

ብዙ ሰው «ካቴናው ተለጠጠ» ይላል። ብረቱ ግን እንደ ጎማ አልተለጠጠም። የሆነው እንዲህ ነው፦ ካቴናው በጥርሱ ላይ በታጠፈና በተቃና ቁጥር ፒኑና ቱቦው ይፋተጋሉ። አቧራ ከዘይት ጋር ተለውሶ በመሀላቸው ሲገባ እንደ ሞረድ ይሆናል። ፒኑ ይቀጥናል፣ ቱቦው ይሰፋል፣ በመሀላቸው ክፍተት ይፈጠራል። በአንድ ፒን ላይ 0.1 ሚሊ ሜትር፣ ይኸውም የፀጉር ውፍረት ያህል፣ ቢጨመር ምንም አይመስልም። ነገር ግን 110 ፒን ባለው ካቴና ላይ ሲደመር 11 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ካቴናው ረዘመ የምንለው ይህንን ነው።

ችግሩ በርዝመቱ ብቻ አያበቃም። ርቀቱ ከ12.7 ሚሊ ሜትር ሲያልፍ ቀለበቶቹ በጥርሶቹ ሥር በትክክል አያርፉም። ወደ ጥርሱ ጫፍ እየወጡ ይጎትቱታል፤ ጥርሱንም በራሳቸው ልክ ይበሉታል። ስለሆነም አሮጌ ካቴናና አሮጌ ጥርስ አብረው ያረጁና ይስማማሉ። በዚያ በተበላ ጥርስ ላይ ልኩ ያልተዛነፈ አዲስ ካቴና ሲደረግ አይስማሙም፤ ካቴናው ክብደት ባረፈበት ጊዜ ይዘልላል። አዲስ ወይን በአሮጌ አቁማዳ የሚባለው ይሄ ነው።

2. በማስመሪያ እንዴት ይለካል?

ለዚህ ሥራ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ የተማሪ ማስመሪያ ይበቃል።

ሀ. የካቴናውን የላይኛውን መስመር በጨርቅ ጥረጉ። አንድ ሰው የኋላውን ፍሬን ይዞ ፔዳሉን ወደፊት ጫን ያድርግ፤ ካቴናው ይወጠራል።

ለ. የማስመሪያውን ዜሮ በአንዱ ፒን መሀል ላይ አድርጉ። ያ ፒን «ዜሮ» ነው። ከእሱ ቀጥሎ ያለውን «አንድ» ብላችሁ እስከ ሃያ ቁጠሩ። የመጀመሪያውን ፒን «አንድ» ብሎ የጀመረ ይሳሳታል።

ሐ. የሃያኛው ፒን መሀል ስንት ላይ እንዳረፈ አንብቡ።

አዲስ ካቴና ከሆነ 20 × 12.7 = 254 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 25 ሴንቲ ሜትር ከ4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 255 ሚሊ ሜትር ካለፈ ካቴናውን መለወጫው ጊዜ ደርሷል። በዚህ ጊዜ ከተለወጠ ጥርሱ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። ወደ 256 ሚሊ ሜትር ተኩል ከደረሰ ወይም ካለፈ ግን የኋላው ጥርስም አብሮ ተበልቷል ማለት ይቻላል። የእኛው ካቴና ሲለካ 258 ሆኖ ተገኘ! የልዩነቱን ትንሽነት ተመልከቱ፤ ጥርስ በሚተርፍበትና ጥርስ በሚበላበት ካቴና መካከል ያለው ከሁለት ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ዓይን ይህን አይለይም፤ ማስመሪያ ግን ይለያል።

3. ጥርስን መመርመር

ጤነኛ ጥርስ ሁለቱም ጎኑ እኩል ነው፤ በሁለት ጥርሶች መሀል ያለው ጎድጓዳም ክብነቱን የጠበቀ ነው። የተበላ ጥርስ ጫፉ ይሾላል፤ እንደ ማጭድም ወደ አንድ ወገን ይቀለበሳል፤ ጎድጓዳው ወደ አንድ ጎን ይሰፋል።

የፊተኛውን ትልቁን ጥርስ ለመፈተን ደግሞ ከጥርሱ ፊት ለፊት በኩል ካቴናውን በጣት ይዞ ወደፊት መሳብ ነው። ከሥሩ እምብዛም ካልተነሣ ደህና ነው። ከጥርሱ ቁመት ግማሽ ያህል ከተነሣ ካቴናው ወይም ጥርሱ ወይም ሁለቱም አልቀዋል።

ከፊተኛውና ከኋለኛው ጥርስ ቶሎ የሚያልቀው የኋለኛው ነው። ምክንያቱ ሒሳብ ነው። የእኛ ብስክሌት ከፊት 48፣ ከኋላ 20 ጥርስ አለው። 48 ለ20 ሲካፈል 2.4 ነው። ይኸውም ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር የኋላው 2.4 ጊዜ ይዞራል። እያንዳንዱ የኋላ ጥርስ ከፊተኛው ጓደኛው ይልቅ ብዙ ጊዜ ይሠራል ማለት ነው።

አንድ ነገር ለይተን እንወቅ። ፔዳሉ ወደፊት ሲረገጥ በባዶ የሚሄደው ሁልጊዜ ካቴናው ዘልሎ አይደለም። ካቴናው ከጥርሱ ላይ ሳይነሣ ጥርሱና ካቴናው አብረው ወደፊት ዞረው ጎማው ብቻ ከቆመ፣ ችግሩ በኋላው ጥርስ ውስጥ ያሉት፣ ወደ ኋላ ሲዞር ጢክ ጢክ የሚሉት ምላሶች ናቸው። እነሱ ሲያልቁ ወይም በቆሻሻ ሲጣበቁ አይነክሱም። ይህም አደገኛ ስለሆነ ጥርሱን በሙሉ መለወጥን ይጠይቃል።

4. ዕቃ ከመግዛታችን በፊት

ሀ. የጥርሶቹን ብዛት ቆጥረን በወረቀት እንጻፍ። የኋላውን አሮጌ ጥርስ ፈትቶ ይዞ መሄድ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል፤ ብሎኑ የሚገባበት ስፋት አንድ ዓይነት መሆኑን እዚያው ማስተያየት ይቻላል።

ለ. የካቴናውን መገጣጠሚያዎች እንቁጠር። አዲሱን ከአሮጌው ጎን ዘርግቶ በርዝመት ማስተካከል ትልቅ ስሕተት ነው። 110 መገጣጠሚያ ያለው አዲስ ካቴና 1397 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። አሮጌው ከመቶ አንድ እጅ ከረዘመ ግን 1411 ሚሊ ሜትር ሆኗል፤ ልዩነቱ ከአንድ መገጣጠሚያ ይበልጣል። በርዝመት ያስተካከለ ሰው አንድ መገጣጠሚያ ትርፍ ያስቀራል። ብዛቱም ጎዶሎ ቁጥር ስለሚሆን ጠባቡ ከጠባቡ ይገናኝና አልዘጋ ይላል። መቁጠር እንጂ ማስተያየት አይሠራም!

ሐ. ዳገት የሚበዛበት አገር ላይ ከሆንን የኋላውን በ20 ፈንታ በ22 ጥርስ መለወጥ ይቻላል። የጎማው ዙሪያ 2.2 ሜትር ቢሆን በ20 ጥርስ አንድ የፔዳል ዙር 5.28 ሜትር ያስኬዳል። በ22 ጥርስ ግን 4.8 ሜትር ያስኬዳል። ፍጥነቱ ትንሽ ይቀንሳል፤ በአንጻሩ ዳገቱ ላይ በዚያው የእግር ጉልበት ጎማው 10 በመቶ የበለጠ ይገፋል። እኛ ጋሼን አማክረን 22 መረጥን። አልተጸጸትንም። ጥርሱ ሲጨምር ካቴናው ሊያጥር ስለሚችል ግን የኋላው ጎማ ወደፊት የሚገፋበት ቦታ መኖሩን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

5. የመለወጡ ሥራ

መሣሪያዎች፦ የዳዶ መፍቻ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ መዶሻ፣ የኋላ ጥርስ ማውጫ፣ ሞርሳ፣ ጨርቅ፣ ላምባ፣ ግሪስና ቀጭን ዘይት።

ሀ. ካቴናውን መፍታት። በካቴናው ላይ ከሌሎቹ የተለየ፣ በትንሽ ቅንጥብ የተያዘ መገጣጠሚያ አለ። ቅንጥቡን በፒንሳ ወደ ጎን ገፍቶ ማውጣት ነው። ተስፈንጥሮ ሣር ውስጥ እንዳይጠፋ በሌላው እጅ ከልሉት። የእኛ አንዴ ጠፍቶ ግማሽ ቀን ፈልገናል።

ለ. ጎማውን ማውጣት። ብስክሌቱን በኮርቻውና በመሪው ላይ ገልብጡ። የኋላውን ሁለት ዳዶዎች አላሉና ጎማውን አውጡ። ቀጫጭን ቀለበቶቹን በወጡበት ቅደም ተከተል በጨርቅ ላይ ደርድሩ። እቤት የምናቀርበው የቡና ረከቦት እንኳ ቅደም ተከተል አለው።

ሐ. የኋላውን ጥርስ መፍታት። ይህ ጥርስ ፔዳል በተረገጠ ቁጥር ራሱን እያጠበቀ ስለኖረ በቀላሉ አይፈታም። ማውጫውን በሞርሳ አጥብቆ መያዝ፣ የጥርሱን ጎድጓዶች በማውጫው ላይ ማስቀመጥና ጎማውን በሁለት እጅ እንደ መኪና መሪ ወደ ግራ ማዞር ነው። ማውጫ የሌለው ሰው በምስማርና በመዶሻ ባይጀምረው ይሻላል፤ ጎድጓዶቹ ከተሸረፉ በኋላ ማንም አይፈታውም። ማውጫና ሞርሳ ወዳለው ጠጋኝ ጎማውን ብቻ ይዞ መሄድ ክብርን አይነካም።

መ. አዲሱን ማስገባት። ብሎኑን በላምባ አጥቡ፣ ግሪስ ቀቡ። አዲሱን ጥርስ በጣት ብቻ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ቀኝ አዙሩ። ገና ከጅምሩ ከጠበቀ ጠምሟልና መልሳችሁ ጀምሩ። በመፍቻ ማስገደድ የጎማውን ብሎን ያበላሻል።

ሠ. የፊተኛውን ጥርስ መለወጥ። ይህ የሚደረገው በእርግጥ ካለቀ ብቻ ነው። በአሮጌ ብስክሌት ላይ ጥርሱ ከቀኙ የፔዳል ክንድ ጋር የተያያዘ ነው፤ ክንዱን ከዘንጉ ጋር የሚያስረውም ሽብልቅ ነው። የሽብልቁን ዳዶ ከጫፉ እኩል እስኪሆን ድረስ አላሉ፤ ጨርሳችሁ አታውጡት፣ ጫፉን ይጠብቀዋል። ከክንዱ ሥር ሽብልቁ የሚወርድበት ቀዳዳ ያለው ጠንካራ እንጨት ወይም የብረት ቱቦ አስደግፉና በመዶሻ ቀጥ አድርጋችሁ ምቱ። ድጋፍ ከሌለ ምቱ ወደ ኩሽኔታው ያልፍና ሌላ ወጪ ያመጣል። መልሳችሁ ስትገጥሙ የግራና የቀኙ ሽብልቅ በተቃራኒ አቅጣጫ ካልገቡ ሁለቱ ፔዳሎች ትይዩ አይሆኑም። ፔዳሉንም የምትፈቱ ከሆነ የግራው ፔዳል ብሎን ተገላቢጦሽ መሆኑን አትርሱ።

ረ. አዲሱን ካቴና መግጠም። በተቆጠረው ልክ ቁረጡ፤ በጥርሶቹ ላይ አዙራችሁ በቅንጥቡ ዝጉ። የቅንጥቡ ድፍኑ ጫፍ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይሁን፤ በላይኛው መስመር ላይ ሲታይ ወደፊት ማለት ነው። ክፍቱ ጫፍ ከቀደመ አንድ ነገር ሲነካው ይወልቃል።

ሰ. ልኩን ማስተካከል። ጎማውን ወደ ኋላ ሳቡ። ካቴናው መሀሉ ላይ በጣት ሲነካ ወደ ላይና ወደ ታች በድምሩ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይንቀሳቀስ። ከዚህ ከጠበቀ ኩሽኔታውን ያስጨንቃል፤ ከላላ ይወልቃል። ፔዳሉን በእጅ እያዞራችሁ በየቦታው ፈትኑ፤ በአንዱ ቦታ ሊጠብቅ ይችላልና ልኩ የሚወሰደው ከጠበቀበት ላይ ነው። ጎማው በመሀል መቆሙን አይታችሁ ሁለቱንም ዳዶዎች እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። በዚህ ጊዜ ጣት በካቴናና በጥርስ መካከል እንዳይገባ ተጠንቀቁ።

ሸ. ፈተና። መጀመሪያ ሜዳ ላይ፣ መኪና በሌለበት፣ ኮርቻ ላይ ተቀምጦ መንዳት። ከዚያ በዝግታ እያበረቱ መርገጥ። ካልዘለለ ብቻ ወደ ዳገቱ! እኛ እሑድ ዕለት ይህን አንዷን ነገር ብናደርግ ኖሮ ጓደኛችን አይወድቅም ነበር።

6. ከተለወጠ በኋላ

በሳምንት አንድ ቀን ካቴናውን በጨርቅ መጥረግ፣ ሲቆሽሽ በላምባና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ማጠብ፣ ከደረቀ በኋላ በእያንዳንዱ ቀለበት ላይ አንድ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ማድረግና የተረፈውን ከላይ መጥረግ ያስፈልጋል። ዘይቱ የሚሠራው ከውስጥ ነው፤ ከውጭ የቀረው አቧራ ይሰበስባል እንጂ ጥቅም የለውም። ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት መቀባት የተለመደ ነው። ነገር ግን ውስጡ የደቀቀ ብረትና ጥላሸት ስላለበት እያለሰለስን ሳይሆን እየሞረድን ነው። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ማስመሪያ! «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እንደሚባለው ካቴናውን በጊዜው የለወጠ ሰው ጥርሱን ያተርፋል።

7. ለክፍል ትምህርት

ብስክሌት ለእኛ ለመምህራን ጥሩ የትምህርት መርጃ መሣሪያ ነው። ስለ ልኬት፣ ስለ ክፍልፋይ፣ ስለ ሰበቃ ስናስተምር የሚዳሰስ ነገር ካላሳየን ተማሪው ቃሉን ብቻ ይሸመድዳል። የሚከተሉትን ጥያቄዎች በልምምድ ክፍላችን ሞክረናቸዋል።

ጥያቄ 1፦ 20 መገጣጠሚያ 257 ሚሊ ሜትር ሆኖ ቢገኝ አንዱ መገጣጠሚያ በአማካይ በስንት ጨምሯል?

ጥያቄ 2፦ ከፊት 48፣ ከኋላ 22 ጥርስ ያለው፣ የጎማው ዙሪያ 2.2 ሜትር የሆነ ብስክሌት 1 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ፔዳሉ ስንት ዙር ይዞራል?

ጥያቄ 3፦ አዲስ ካቴና በተበላ ጥርስ ላይ ለምን ይዘልላል? በሥዕል አስረዱ።

መልስ፦ ለ1ኛው 0.15 ሚሊ ሜትር። ለ2ኛው 208 ዙር ያህል። 3ኛውን ከዚህ ጽሑፍ ክፍል 1 ጋር አስተያዩት።

ማጠቃለያ

የወደቀው ጓደኛችን ከሦስት ቀን በኋላ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። በዚያ ሳምንት የሒሳቡ ትምህርት ልኬት ነበር። የተበጠሰውን ካቴና ይዞ ገባና ተማሪዎቹ በየተራ እንዲለኩት አደረገ። አንዲት ተማሪ 258 ላይ ስትደርስ «መምህር፣ አራት ሚሊ ሜትር እኮ ምንም አይደለችም» አለችው። እሱም ሱሪውን ወደ ላይ ሰብስቦ ጉልበቱን አሳያት።

እኛም ይህን ጽሑፍ ያቀረብነው ብስክሌት ያላችሁ ሁሉ ዛሬውኑ ማስመሪያ ይዛችሁ ወደ ብስክሌታችሁ እንድትሄዱ ነው። የሚለካው ሃያ መገጣጠሚያ ነው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።